አስታና ሮዶዴንድሮን፦ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቅዝቃዜ፣ ሁለት መፍትሔ

መግቢያ

ስለ ዕፅዋት በሚነገርበት ቦታ የፊዚክስ መምህር ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ተክል በተራራ ላይ በቅሎ ከተራራው ግርጌ የሚጠፋበትን ምክንያት ስንጠይቅ፣ ጥያቄው ብዙም ሳይርቅ ወደ ሙቀት፣ ወደ ጨረርና ወደ አየር ግፊት ይመራናል። እነዚህ ደግሞ የፊዚክስ ርእሶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ዕፅዋትን ጎን ለጎን እናያለን። አንደኛው በእስያ ተራሮች የሚበቅለውና በአበባው ውበት በዓለም ዙሪያ የታወቀው ሮዶዴንድሮን ነው። ሁለተኛው የአገራችን የደጋ ነዋሪ ለማገዶ የሚቆርጠው አስታ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ውጭና ይሉታል። የመጀመሪያውን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአትክልት ሥፍራዎች ተንከባክበው ያሳድጉታል፤ ሁለተኛውን ግን በቅርብ የሚያውቀው ባለ መጥረቢያው ነው። ሆኖም የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም የሚመድቧቸው ኤሪካሴኤ በሚባለው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ጉዞው ከኩሌ ይጀምራል

ተራራን ለመረዳት ከቆላ መነሳት ይበጃል። ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የምትገኝ ሥፍራ ስትሆን ከ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) ወዲህ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች የሰፈሩባት ናት። መሬቷ የባሮ ወንዝ አዋሳኝ የሆነ ሜዳ ሲሆን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ450 ሜትር ብዙም አይርቅም። የአካባቢው ዓመታዊ አማካይ የሙቀት መጠን 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

በኩሌ ሆኖ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ አስታም ሆነ ሮዶዴንድሮን በአቅራቢያው አያገኝም። ለምን አያገኝም? ለመመለስ አንድ ቀላል ስሌት ይበቃናል።

አየር ወደ ላይ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ግፊት ይቀንስለታል፤ ስለዚህ ይሰፋል። ለመስፋት ሥራ መሥራት አለበት፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘውም ከራሱ ሙቀት ነው። በዚህም ምክንያት ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር በእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር ወደ 9.8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ወደ ጉም ሲለወጥ ግን ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይለዝባል። በመሆኑም ሁለቱን ያጣመረ አማካይ ልኬት ሲወሰድ የሙቀት መጠን በ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

እንግዲህ ከኩሌ ተነሥተን እንውጣ። ጎሬ ከተማ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኩሌ ያላት የከፍታ ልዩነት 1.55 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በ6.5 ስናባዛው 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ከ28 ስንቀንሰው 18 ይቀረናል። አዲስ አበባን በ2350 ሜትር ብንወስድ ስሌቱ 16 ዲግሪ ገደማ ይሰጠናል። ሁለቱም ውጤቶች በቴርሞሜትር ከሚለካው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ እንሻገርና 3300 ሜትር ላይ እንቁም። ስሌቱ 9.5 ዲግሪ ይለናል። 4000 ሜትር ላይ ደግሞ 5 ዲግሪ ይሆናል።

አስታ የሚነግሠው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ኦሎቭ ሄድበርግ የተባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ዕፅዋት በሦስት ቀበቶ ከፍሎ ነበር። ከታች የተራራ ደን፣ ከመካከል የአስታ ወገን የሚበዛበት ቀበቶ፣ ከላይ ደግሞ ጅባራና ጓሳ የሚታይበት ውርጫማ አምባ ይገኛል። ስለዚህ ከኩሌ የተነሣ ሰው አስታን ለማግኘት ከ18 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ከኋላው መተው ይኖርበታል።

ተክሉ የሚለካው ከፍታን ነው ወይስ ሙቀትን?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይገባል። አስታ ተራራ የሚወደው ከፍታውን ፈልጎ ነው ወይስ ቅዝቃዜውን? ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ሠርታልናለች። በሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ የሚባለው ይኸው ዝርያ በስፔን፣ በጣሊያንና በሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮችም ይበቅላል። በዚያ ግን 3000 ሜትር መውጣት አያስፈልገውም፤ ከባሕር ዳርቻ ብዙም ባልራቁ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ላይ ይገኛል። በሥሩና በግንዱ መካከል ያለው ጠጣር እብጠት በዚያ አገር የትምባሆ ፒፓ ይሠራበታል። ወደ ምድር ዋልታ በቀረብን ቁጥር አየሩ ስለሚቀዘቅዝ፣ እኛ ዘንድ በከፍታ የሚገኘው ቅዝቃዜ እነርሱ ዘንድ በኬክሮስ ይገኛል። ስለዚህ ተክሉ የሚያውቀው ሜትርን ሳይሆን ዲግሪን ነው ማለት እንችላለን።

ሮዶዴንድሮንም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ስሙ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ "የጽጌረዳ ዛፍ" ማለት ነው። ከ1000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ወገን ነው፤ በየቤቱ በአበባ ማሰሮ የሚተከለው አዛሊያም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። ዋና መኖሪያው የሂማላያ ተራሮችና የደቡብ ምዕራብ ቻይና ደጋዎች ናቸው። ሮዶዴንድሮን አርቦሪየም የተባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ በ1500 እና በ3300 ሜትር መካከል ይበቅላል፤ የኔፓል ብሔራዊ አበባም እርሱ ነው። ሮዶዴንድሮን ኒቫሌ የተባለው ድንክ ዝርያ ደግሞ እስከ 5500 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ቁመቱ ግን አጭር ነው። በኒው ጊኒና በቦርኒዮ ደሴቶች የምድር ወገብ አካባቢ የሚገኙት ዝርያዎችም የሚመርጡት ጉም የማይለየውን ተራራ ነው።

ሮዶዴንድሮን ወደ ምዕራብ እስከ ካውካሰስ፣ እስከ ቱርክ፣ እስከ ስፔንና ፖርቱጋል ይደርሳል። በአፍሪካ ግን አንድም የአገር ተወላጅ ዝርያ የለውም። በእስያ ተራሮችና በእኛ ተራሮች መካከል የዐረቢያ በረሃና የአፋር ቆላ አሉ፤ ከሰሜን የሚመጣውንም ሰሐራ ይዘጋበታል። ቅዝቃዜ ለለመደ ተክል ይህ ሁሉ እንደ ውቅያኖስ ነው፤ ተራራዎቹም እንደ ደሴት። የአፍሪካን ደሴቶች የያዘው ዘመዱ ኤሪካ ነው። ኤሪካ ከ800 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ የሚገኙት በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ ነው።

የአንድ ሌሊት ፈተና

ሁለቱ ዘመዳሞች የሚገጥማቸው ዋና ጠላት ውርጭ ነው። ውርጭ እንዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ማንኛውም አካል በሙቀቱ መጠን ጨረር ያመነጫል። 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 278 ኬልቪን ላይ ያለ ቅጠል በስቴፋንና በቦልትዝማን ሕግ መሠረት በ1 ካሬ ሜትር ወደ 340 ዋት ያመነጫል። በተራራ ላይ፣ ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት፣ ቀጭኑና ደረቁ አየር ወደ ቅጠሉ የሚመልሰው ጨረር ከዚህ በ100 ዋት ገደማ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ወደ ሕዋ ይሄዳል። ስለዚህ ሰማይን የሚያይ ቅጠል ከከበበው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሳለ ቅጠሉ ሊበርድና በረዶ ሊይዘው ይችላል።

ሮዶዴንድሮን ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ አያረግፍም። ሰፊ ቅጠል ለሰማይ የተዘረጋ ሰሌዳ ስለሆነ አደጋው ይበረታበታል። መፍትሔው እንቅስቃሴ ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚበቅሉ በርካታ ዝርያዎች አየሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ቅጠላቸውን ቁልቁል ይሰቅላሉ፤ ቅዝቃዜው ሲጠነክርም እንደ ሲጋራ ይጠቀልሉታል። የተንጠለጠለና የተጠቀለለ ቅጠል ለሰማይ የሚያሳየው ገጽ ትንሽ ነው። ጠዋትም ፀሐይ በድንገት ስለማትመታው በረዶው ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ይህም ሕዋሶቹን ከጉዳት ያድናል።

አስታ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ሲሆን ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የዚህን ጥቅም ለመረዳት እያንዳንዱ ቅጠል እርጋታ ባለው ስስ የአየር ሽፋን የተከበበ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ሙቀት ከአየር ወደ ቅጠል የሚያልፈው በዚህ ሽፋን በኩል ነው። የሽፋኑ ውፍረት የቅጠሉን ስፋት ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ይከተላል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሮዶዴንድሮን ቅጠል ከአስታ ቅጠል 100 እጥፍ ይሰፋል፤ ስለዚህ የአየር ሽፋኑ 10 እጥፍ ይወፍራል። በሌላ አነጋገር፣ ቀጭኑ የአስታ ቅጠል ወደ ሰማይ የሚያጣውን ሙቀት ከአየሩ ቶሎ ይተካል፤ ሙቀቱም ከአየሩ ሙቀት ብዙ አይለይም። አስታ መጠቅለል ሳያስፈልገው ሌሊቱን የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ ከአየር ጠባይም ጋር ይስማማል። ሂማላያ ላይ ክረምት በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ለወራት ይቆያል። በእኛ ተራሮች ላይ ግን በተለይ በበጋ ወራት ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በየቀኑ በጋና ብርድ የሚፈራረቁበት ተክል ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነ ቅጠል ቢኖረው ይሻለዋል። ከአስታ ቀበቶ በላይ ያለው ጅባራ ደግሞ ሦስተኛ ስልት አለው፤ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ መካከል አጥፎ እምቡጡን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል።

ቀጭን ቅጠል ሌላም ጥቅም አለው። ጉም በነፋስ ሲገፋ አየሩ ቅጠሉን ዞሮ ያልፋል፤ የውሃ ነጠብጣቦቹ ግን ክብደት ስላላቸው ቶሎ መታጠፍ ያቅታቸውና ከቅጠሉ ጋር ይላተማሉ። ሰፊ ነገር አየሩን ከሩቅ ስለሚያዞረው ነጠብጣቡም አብሮ የመዞር ጊዜ ያገኛል፤ ቀጭን ነገር ግን ነጠብጣቡን በድንገት ይቀበለዋል። በመሆኑም የአስታ ደን ዝናብ ሳይዘንብም ከጉም ውሃ ያልባል። ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌና ወይብ ከሚነሡበት ከባሌ ተራሮች አናት አካባቢ ይህ ደን ሲመነጠር የሚቀንሰው ማገዶ ብቻ አይደለም።

ከተራራ ወደ አትክልት ሥፍራ

ሮዶዴንድሮን ከተራራ ወርዶ ወደ አትክልት ሥፍራ የገባበት ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሁከር እ.ኤ.አ. በ1848 እና በ1849 በሲኪም ተራሮች ተዘዋውሮ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ሰበሰበ። ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ጆርጅ ፎረስት ከቻይና ዩናን ግዛት በርካታ ዘሮችን ላከ። ከዚያም በፊት፣ በ1820ዎቹ፣ የእንግሊዝ አትክልተኞች የሂማላያውን ቀይ አበባ ብርድ ከሚችሉ ከአሜሪካና ከጥቁር ባሕር አካባቢ ዝርያዎች ጋር ማዳቀል ጀምረው ነበር። ዓላማቸው ግልጽ ነው፦ ቀለሙን ከአንዱ፣ ብርድ መቻሉን ከሌላው ለመውሰድ። ዛሬ ስም ተሰጥቷቸው የተመዘገቡት የአትክልት ዓይነቶች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው።

ለእነዚህ ዓይነቶች አትክልተኛው ማሟላት ያለበት ቅዝቃዜን ብቻ አይደለም። አፈሩ አሲዳማ፣ ፒ.ኤች. መጠኑ ከ4.5 እስከ 6 የሆነ፣ ውሃ የማይተኛበትና ብስባሽ የበዛበት መሆን አለበት። የዚህ ቤተሰብ ሥሮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሲሆኑ ከፈንገስ ጋር ተባብረው ይኖራሉ፤ ፈንገሱ ከብስባሹ ናይትሮጂን አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ስኳር ይሰጡታል። በዝናብ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት የቆላ ጥቁር ሸክላ አፈር ለእንዲህ ያለ ሥር አይስማማም። እንግዲህ በኩሌ ሮዶዴንድሮን ለመትከል የሚሞክር ሰው ጥላ ቢሠራለት እንኳ አፈሩ ይከለክለዋል።

በሌላ በኩል ማዛመት ጉዳትም አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ብሪታንያ የገባው ሮዶዴንድሮን ፖንቲከም ከአጥር አምልጦ የዌልስን፣ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ደኖች ወርሯል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም። ቅጠሉና የአበባው ማር ግራያኖቶክሲን የተባለ መርዝ አለው። ዜኖፎን የተባለው የግሪክ ጸሐፊ በ401 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወታደሮቹ በጥቁር ባሕር አካባቢ ማር በልተው ራሳቸውን ስተው እንደወደቁ ጽፏል፤ ምክንያቱ ይኸው አበባ እንደነበረ ይታመናል።

አስታስ? አስታም የአውሮፓን የአትክልት ሥፍራ አግኝቷል። ቅጠሉ ቢጫ የሆነው "አልበርትስ ጎልድ" የተባለው ዓይነት በገንዘብ ይገዛል። ይህ ዓይነት የተገኘው ግን ከአውሮፓ ዘር እንጂ ከእኛ ተራሮች አይደለም። የእኛው አስታ ያለው በዱር ብቻ ነው፤ ከዱር ከጠፋ የሚመልሰው አትክልተኛ የለም።

ተራራው ያልቃል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢጨምር በ6.5 ስናካፍለው የእያንዳንዱ ተክል ቀበቶ ወደ 154 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ተራራ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቅርጽ ነው። ሾጣጣ ተራራ ብንወስድ ከአንድ ከፍታ በላይ ያለው የመሬት ስፋት ወደ ጫፉ የቀረው ርቀት ሲባዛ በራሱ ነው። በባሌ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። ሾጣጣ ነው ብለን እናስብና ከ3800 ሜትር በላይ የሚኖር አንድ ተክል እንውሰድ። ወደ ጫፉ የቀረው 577 ሜትር ነው። 1 ዲግሪ ሲጨምር 423 ሜትር ይሆናል። 423 ለ577 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 0.54 ገደማ ይመጣል። አንድ ዲግሪ የመሬቱን 46 በመቶ ወሰደ ማለት ነው።

እውነተኛው ባሌ ደግሞ ሾጣጣ አይደለም፤ 4000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ የሳነቲ አምባ አለው። አምባ ለጊዜው ሰፊ መሬት ይሰጣል፤ ነገር ግን የቀበቶው ድንበር አምባው ላይ በደረሰ ጊዜ ያ ሰፊ መሬት በአንድ ጊዜ ይለወጣል። አስታ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ጅባራና ጓሳ ግን ከአምባው በላይ መሸሻ የላቸውም።

ቀበቶው ቀድሞም ተንቀሳቅሷል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የባሌ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ቀንሶ ነበር ብንል ቀበቶዎቹ ወደ 770 ሜትር ይወርዳሉ፤ ዛሬ የተለያዩት ደሴቶችም ይቀራረባሉ። ያን ጊዜ ግን ተክሉ የሚወርድበት ሰፊ ቁልቁለት ነበረው። ዛሬ የሚጠበቅበት መውጣት ነው፤ መንገዱም አጭር ነው።

ከታች ደግሞ እርሻ፣ ከብትና መጥረቢያ ይገፉታል። አስታ ከእሳት በኋላ ከሥሩ እብጠት እንደገና ማቆጥቆጥ ይችላል፤ ሆኖም ቃጠሎው ከተደጋገመ ዛፍ ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌ፣ በ2019 ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደረሱት ቃጠሎዎች አስታ የበዛባቸውን ተዳፋቶች አጥቅተዋል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1996 ከገባበት በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ በ2017 ወጥቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመንዝ የጓሳ አምባ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሣሩን መቼ እንደሚያጭድና መቼ እንደሚያቆይ ለብዙ ትውልድ ራሱ ወስኖ ጠብቆታል። ይህ የሚያሳየን ተራራን ለመጠበቅ ሕግ ብቻ ሳይሆን ከተራራው የሚኖረው ሰው ስምምነት እንደሚያስፈልግ ነው።

በቆላ ላለው አንባቢም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በኢታንግ በኩል የሚያልፈው ባሮ የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከሸካ ደጋ ነው። እነዚያ ደኖች አስታ የነገሠባቸው ባይሆኑም ሕጉ አንድ ነው፦ የሚወጣው አየር ይቀዘቅዛል፣ ተኑ ጉም ይሆናል፣ ደኑ ይቀበለዋል፣ ወንዙም ያወርደዋል። ኩሌ 28 ዲግሪ ላይ ሆና የምትጠጣው ውሃ የተጠራቀመው በ18 ዲግሪ አገር ነው።

ለመለማመድ

1. የምትኖሩበትን ሥፍራ ከፍታ ፈልጉና ከኩሌ ተነሥታችሁ አማካይ የሙቀት መጠኑን አስሉ። ከአካባቢው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ልኬት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ስንት ነው? ምክንያቱስ ምን ይመስላችኋል?

2. ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ከላይ ባየነው ሾጣጣ ተራራ ላይ ከ3800 ሜትር በላይ ለነበረው ተክል ከመሬቱ ስንት በመቶው ይቀርለታል?

3. ደመና በሌለበት ሌሊት ሁለት ቴርሞሜትሮችን ውሰዱ። አንዱን ሰማይ በሚያይ ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በዛፍ ሥር፣ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ አኑሩና ከንጋት በፊት አንብቡ። የሁለቱን ልዩነት ስለ ቅጠልና ስለ ጨረር ከተማርነው ጋር አዛምዱ። ሙከራው በኩሌም፣ በደባርቅም፣ በጎባም ሊሠራ ይችላል፤ ውጤቱ ግን አንድ አይሆንም።